የስኳር ታማሚ የዓይን ግፊት ሲለካ ቁጥሩ ብቻ አይጻፍ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ስኳር ሕመምና ዓይን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑን በየዓመቱ ይታይ ማለታችሁ ብቻውን ብዙ ሰው ይጠቅማል። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተስማማሁም፤ የዓይን ግፊት ከ21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ አያሳስብም የምትለው ቦታ ላይ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ዓይን ክፍል የምሠራ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። ግፊት መለካት የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነው። ያቺን መስመር አንብቦ «እኔማ 18 ነኝ» ብሎ ተረጋግቶ የሚቀመጥ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው የምጽፈው፤ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የዓይን ግፊትና የደም ግፊት ለየቅል ናቸው። ክንድ ላይ የሚታሰረው ማሽን ስለ ዓይን ምንም አይነግረንም። «ግፊቴ ትናንት ተለክቶ ደህና ነው» ብለው ሳይለኩ ሊነሱ የሚሉ እናቶች ሁሌም ያጋጥሙኛል። ዓይን ውስጥ ፈሳሽ ይመነጫል፣ በመውጫው በኩል ደግሞ ይወጣል። መውጫው ሲደፈን ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከኋላ ያለው የዓይን ነርቭ ቀስ በቀስ ይሞታል። ግላኮማ ይሉታል። ግፊቱ ብዙም ሳይጨምር ነርቩ የሚጎዳበት ሰውም አለ። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ዓይናቸው የጠፋው በሞራ ግርዶሽ ነበር፤ ግላኮማ 5.2 በመቶውን ነው የያዘው። ትንሽ ይመስላል። ግን ሞራው በቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ በግላኮማ የጠፋ ዓይን ግን ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ ልግባ። ብዙ ሰው ማሽኑ ዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት በቀጥታ የሚያነብ ይመስለዋል። አያነብም። ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። የምንነካው ኮርኒያን ነው፣ ከጥቁሩ ዓይን ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን። ጎልድማን የሚባለው መሣሪያ የሌሎቹ ሁሉ መመዘኛ ነው። ሃንስ ጎልድማን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ነው የሠራው። ማደንዘዣ እናንጠባጥባለን፣ ፍሎረሲን የሚባል ቀለም እንጨምራለን፣ ሰማያዊ ብርሃን እናበራለን፣ ከዚያ ጫፏ ጠፍጣፋ የሆነች ትንሽ ፕሪዝም ኮርኒያው ላይ እናሳርፋለን። በማይክሮስኮፑ የሚታየኝ ሁለት አረንጓዴ ግማሽ ክብ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ከልብ ምት ጋር አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ጎን ያለውን ማዞሪያ ቀስ እያልኩ አዞራለሁ። የሁለቱ ውስጠኛ ጠርዝ ልክ ሲነካካ አቆማለሁ። ማዞሪያው ላይ 2 ካለ ግፊቱ 20 ነው። ቀለሙ ከበዛ ግማሽ ክቦቹ ይወፍሩና ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ይነበባል፣ ካነሰ ደግሞ ወደ ታች።

እንግዲህ የለካሁት ምንድን ነው? 3.06 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ክብ ለማጠፍጠፍ ምን ያህል ኃይል እንደፈጀ ነው። ያ ኃይል ደግሞ ውስጥ ካለው ግፊት ብቻ አይመጣም። ወፍራም ቆዳ ያለውን ኳስና ስስ ኳስ እኩል ነፍታችሁ በአውራ ጣት ብትጫኑ፣ ወፍራሙ የበለጠ የተነፋ ይመስላችኋል። ኮርኒያም እንዲሁ ነው። ጎልድማን ስሌቱን የሠራው የኮርኒያ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ብሎ ነው፤ ከዚያ ብዙ ከራቀ ንባቡ እንደሚዛባ እሱም ያውቅ ነበር።

ስኳር ደግሞ ኮርኒያን ይቀይራል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የኮርኒያው ሥጋ ከተሠራበት ከኮላጅን ክሮች ጋር ይጣበቃል፣ ክሮቹ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፣ ሽፋኑ ግትር ይሆናል። ከኮርኒያው ጀርባ ሆነው ውሃ እየቀዱ የሚያወጡት ሴሎችም ይደክማሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ውሃ ይቋጥርና ይወፍራል። በተለያዩ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች፣ ለምሳሌ ሲንጋፖር ውስጥ በማላይ ሕዝቦች ላይ የተደረገው፣ የስኳር ታማሚ ኮርኒያ በአማካይ ወፈር ያለ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ማለት ማሽኑ 24 ሲል እውነቱ ከዚያ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በሌላ በኩል እኛ ጥቁር ሕዝቦች አለን። አሜሪካ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የዓይን ግፊት ጥናት፣ ግላኮማ ማንን እንደሚይዝ ለመገመት ከሚረዱት ዋና ነገሮች አንዱ የኮርኒያ ውፍረት መሆኑን አሳይቷል። እዚያው ጥናት ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያን ኮርኒያ ከሌሎቹ ሳሳ ብሎ ተገኝቷል። ስስ ኮርኒያ ግፊትን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። እንግዲህ አንድ ስኳር ያለበት ሐበሻ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ስኳሩ ንባቡን ወደ ላይ እየጎተተው፣ ተፈጥሮው ደግሞ ወደ ታች እየጎተተው ሊሆን ይችላል። የትኛው እንዳሸነፈ በግምት አይታወቅም። መለካት ነው። ፓኪሜትር የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ኮርኒያን ጠቅ አድርጎ ውፍረቱን በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ፣ ይናገራል፣ ደቂቃም አይፈጅም። አንዳንዱ ባለሙያ ከዚያ በኋላ ሰንጠረዥ አውጥቶ ይህን ያህል ደምር፣ ያን ያህል ቀንስ ይላል። እኔ አልወደውም። ሰንጠረዡ ውፍረትን እንጂ ግትርነትን አያውቅም፤ የስኳር ታማሚ ዋናው ጣጣ ደግሞ ግትርነቱ ነው። ውፍረቱ ግፊቱን በምን ዓይን ማየት እንዳለብን ይነግረናል፣ ከዚያ ነርቩን ማየት ነው።

ይህ ሁሉ የባለሙያ ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጋሼ መጡ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ። ሌላ ቦታ እፍ በሚለው በአየር ማሽን ተለክተው 25 ተብለዋል፣ በዚያው ቲሞሎል የሚባል የዓይን ግፊት መቀነሻ ጠብታ ተጀምሮላቸዋል። እኚህ ሰው ድሮ ስኳራቸው ሲወርድ ልባቸው ድው ድው ይላል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ቶሎ ብለው ከረሜላ አፋቸው ውስጥ ያደርጋሉ። ጠብታውን ከጀመሩ ወዲህ ያ ማስጠንቀቂያ ጠፋ። ልጃቸው ናት የነገረችኝ። «አባዬ አሁን ድንገት ነው ዝም የሚለው፣ ላብ ብቻ ያጠምቀዋል» አለች። ቲሞሎል የልብ ምትን የሚያረጋጋ ዓይነት መድኃኒት ነው። ዓይን ላይ ቢንጠባጠብም በአፍንጫ በኩል ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል፣ የስኳር መውረድን ምልክት ሊደብቅ ይችላል። ኮርኒያቸውን ለካን፤ ከ600 ማይክሮን በላይ ነው። በጎልድማን ሲለኩ 21 ሆኑ። ነርቫቸው ጤነኛ፣ የእይታ ስፋት ምርመራቸውም ደህና። ሐኪሙ ጠብታውን አቁሞ በክትትል አስቀመጣቸው፣ ጠብታው ተቋርጦም ግፊታቸው ብዙ አልጨመረም።

ቲሞሎል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የብዙ ሰው ዓይን ያተረፈ መድኃኒት ነው። ማንም ሰው ይህን ደብዳቤ አንብቦ ጠብታውን እንዳያቆም፣ አደራ! ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም አስም ያለባችሁ ከሆነ ግን ጠብታው ሲታዘዝላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ሌላ የጠብታ ዓይነት አለ።

የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። አንዲት እናት በሄዱ ቁጥር 16፣ 17 እየተባሉ ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ኖሩ። ሬቲናቸው፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ይታያል፣ ግፊታቸው ይለካል፣ ካርዳቸው ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ኮርኒያቸውን የለካው ሰው አልነበረም። 480 ማይክሮን ሆኖ ተገኘ፣ ነርቩም ተቦርቡሮ አልቆ ነበር። ቁጥሩ ከ21 በታች ነበር፣ እኮ!

ለዚህ ነው ካርድ ላይ ቁጥር ብቻ መጻፉ የሚያንገበግበኝ። ካርዱን ስከፍት «ቀኝ 18፣ ግራ 19» ይላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። በምን ተለካ? ስንት ሰዓት ላይ? ሺዮትዝ የሚባለው አሮጌ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ያለ ነው፣ ዛሬም የሚለካበት ቦታ አለ፣ ታማሚው በጀርባው ተኝቶ ነው የሚለካው። በዚያ መሣሪያ መርፌው የሚያሳየው ቁጥር ገና ግፊት አይደለም፣ ወደ ሰንጠረዥ ሄዶ ነው ግፊት የሚሆነው። መርፌው 5 ላይ ቢቆም፣ የተጫነው ክብደት 5.5 ግራም ከሆነ ግፊቱ 17 ገደማ ነው። 10 ግራም ከሆነ ግን 37 ገደማ ነው። ካርድ ላይ «5» ብቻ ተጽፎ አይቼ አውቃለሁ። ያ ሰው ጤነኛ ይሁን ዓይኑ እየጠፋ ይሁን ከጻፈው ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

ሰዓቱም ቀላል ነገር አይደለም። የዓይን ግፊት በቀን ውስጥ ይወጣል ይወርዳል፤ በጤነኛ ሰው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል፣ ግላኮማ ባለበት ሰው ከዚያም በላይ። ብዙ ሰው ላይ ጠዋት ከፍ ይላል። ባለፈው ወር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 22 የነበረ ሰው ዛሬ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ 17 ቢሆን ጠብታው ሠርቶለት ይሁን ሰዓቱ ተቀይሮ ማወቅ የሚቻለው ሰዓቱ ከተጻፈ ነው።

ጠብታው መቼ እንደተደረገም እንዲሁ። በጾም ወራት ጉሮሮዬ ድረስ ይመረኛል ብለው ጠዋት ጠዋት ጠብታቸውን የማያደርጉ አሉ፣ ሙስሊም ወገኖቻችንም በረመዳን። ይህን የሚነግሩኝ ስጠይቅ ብቻ ነው፣ እኔም ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። ስለ ጾሙ የሃይማኖት አባቶችን ጠይቁ፤ እኔ የምለው ግን ጠብታውን ካደረጋችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለ2 ደቂቃ ያህል ጫን ብትሉት ወደ ጉሮሮም ወደ ደምም የሚወርደው በጣም ይቀንሳል። ሌላው ደግሞ ወሩን ሙሉ ትቶት የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ብቻ አድርጎ የሚመጣው ነው። ቁጥሩ ያምራል፣ ዓይኑ ግን ወሩን ያሳለፈው ያለ መድኃኒት ነው። ከአሜሪካና ከዓረብ ሀገር ዘመድ የላከው ጠብታ የምታደርጉም ብልቃጡን ይዛችሁ ኑ። ውስጡ ምን እንዳለ ሳናውቅ ግፊታችሁን ብንለካው ምን እንደለካን አናውቅም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። ስኳር ያለበት ሰው ሬቲናው መታየት አለበት፣ ሬቲና ለማየት ደግሞ ብሌኑ በጠብታ ይከፈታል። ወረፋው ረጅም ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ሰዎቹ ኮሪደር ላይ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ በተራ የመክፈቻ ጠብታ ይደረግላቸዋል፣ ግፊቱ የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው፣ ከተለካ። እንዲህ የሚሠራባቸው ቦታዎች አሉ፣ ስማቸውን መጥራት አልፈልግም፣ ሠራተኞቹም በሥራ ብዛት ነው እንጂ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ልክ አይደለም። መክፈቻ ጠብታ ራሱ ግፊቱን ሊቀይረው ይችላል፣ ጠባብ መውጫ ያለው ዓይን ላይ ደግሞ በአንዴ ሊያንረው ይችላል። ዋናው ግን ሌላ ነው። ስኳር ሬቲናን ደም ሲያሳጣው ሬቲናው የድረሱልኝ ዓይነት ኬሚካል ይለቃል፣ በዚያ የተነሳ አይሪስ ላይ፣ ማለትም በብሌኑ ዙሪያ ባለው ቀለም ያለው ክፍል ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ። እነዚህ ሥሮች የፈሳሹን መውጫ ይደፍኑታል። ያኔ ግፊቱ 40፣ 50 ይገባል፣ ዓይን በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ሥሮቹ መጀመሪያ የሚታዩት ብዙ ጊዜ በብሌኑ ጠርዝ ላይ ነው። ብሌኑ ከተከፈተ አይሪሱ ተሰብስቦ ይደብቃቸዋል። ሳይከፈት በፊት ቢታዩ ኖሮ በሌዘርና ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ እንዲጠፉ ማድረግ ይቻል ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ግፊት፣ ቀጥሎ አይሪስ፣ ካስፈለገም መውጫው በጎኒዮስኮፒ፣ ማለትም መውጫውን በሚያሳይ ልዩ መስታወት፣ ከዚያ ነው መክፈቻ ጠብታው። ይህ ቅደም ተከተል ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጡም የናንተ ድርሻ አለ። ሻርፕ ወይም ክራቫት አንገት ላይ ከጠበቀ ላላ አድርጉት። ትንፋሽ አትያዙ፤ ሰው ሲፈራ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል፣ ዓይኑን ይጨምቃል፣ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል። እኛም የዓይን ቆብ ስንይዝ ጣታችን ዓይኑን መጫን የለበትም፣ አጥንቱ ላይ ነው ማረፍ ያለበት። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው ይጠማዋል፤ አንድ ሊትር ውሃ በአንዴ ጠጥቶ ከገባ ግፊቱ ለጊዜው ይጨምራል። ስኳሩ በጣም ወጥቶ ሰውነቱ የደረቀ ሰው ደግሞ ዓይኑ ይለሰልሳል፣ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ የዕለቱን ስኳራችሁን ንገሩን፣ እኛም እንጻፈው። በአየር ማሽን ከሆነ የሚለካው አንዴ እፍ ብሎ ያለውን ቁጥር መጻፍ ትክክል አይደለም፤ ቢያንስ ሦስቴ ተለክቶ አማካዩ ነው የሚያዘው፣ ከፍ ካለም በጎልድማን ይረጋገጣል። የቆየ ስኳር ያለበት ሰው ኮርኒያው ሲቧጨር ብዙም ላይሰማው ይችላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም፤ ለካሁ ተብሎ አሥር ጊዜ አይነካካም፣ ማደንዘዣው እስኪለቅ ድረስም ዓይን አይታሽም።

መሣሪያውም መፈተሽ አለበት። ጎልድማን ሲገዛ ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ አብሮ ይመጣል። ዘንጉን ጎኑ ላይ ሰክቶ በ0፣ በ2 እና በ6 ላይ ትክክል መሆኑን ማየት ነው። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ዘንጉ የት እንደገባ የማይታወቅባቸው ቦታዎች አሉ፤ መሣሪያው ለዓመታት 3 ወይም 4 ከፍ አድርጎ ሲያነብ ማንም ላያውቅ ይችላል።

ስቴሮይድ የሚባለውን የብግነት ማስታገሻ መድኃኒት ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ዓይኔን በላኝ ብሎ ከፋርማሲ ዴክሳሜታሶን የሚባል የስቴሮይድ ጠብታ ያለ ማዘዣ ገዝቶ ወራት የሚጠቀም ሰው ሞልቷል። ይህ ጠብታ አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊትን ምንም ሳያሳምም ከፍ ያደርጋል። በስኳር ምክንያት ሬቲናቸው አብጦ ዓይናቸው ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ የተሰጣቸውም ግፊታቸው ከሳምንታት በኋላ ሊጨምር ስለሚችል ቀጠሯቸውን መዝለል የለባቸውም። «መርፌው ጠቅሞኛል፣ አሁን አያለሁ» ብሎ የሚቀር ሰው ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ግፊቱ ሲጨምር አይሰማውም።

እናም የዓይን ክፍል ኃላፊዎችን የምጠይቀው ይህን ነው። የስኳር ታማሚ ካርድ ላይ ከግፊቱ ጎን መሣሪያው፣ ሰዓቱ፣ የኮርኒያው ውፍረትና የመጨረሻው ጠብታ የሚጻፍባት አንዲት መስመር ትኑር። ማኅተም አስቀርጾ መምታት ይበቃል። ፓኪሜትር የሌለው ክሊኒክ ታማሚውን አንዴ ካለበት ቦታ ልኮ ያስለካው። የስኳር ክትትል የምትሰጡ ሐኪሞችም ወደ እኛ ስትልኩ «ለዓይን ምርመራ» ብቻ አትበሉን፤ ስኳሩ ስንት ዓመት እንደሆነው፣ የሦስት ወሩ ውጤት ስንት እንደሆነ፣ ኢንሱሊን ይወጋ እንደሆነ ጻፉልን። ታማሚዎች ደግሞ የራሳችሁን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ካርድ ይጠፋል፣ ሐኪም ይቀየራል። የነርቩን ሁኔታም ጠይቁ። «ዶክተር፣ ግፊቴ ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትውጡ፣ «ነርቬስ እንዴት ነው?» በሉ።

ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑ ድንገት ከቀላ፣ በጣም ካመመው፣ ካደበዘዘው፣ አምፖል ዙሪያ ቀለበት ካየ ቀጠሮ አይጠብቅ፣ በዚያው ዕለት ይሂድ። እንዲህ ሲሆን ራስ ምታትና ማስመለስ አብሮ ስለሚመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታከመው ለጨጓራ ነው፣ ያቺ ቀን ደግሞ ከሁሉ የምታስፈልገው ቀን ናት። ካርድ ክፍል ስትደርሱ «ስኳር አለብኝ፣ ያመመኝ ዓይኔ ነው» በሉ፣ ተራ አትጠብቁ።

ኦፕቶሜትሪስት
ከአዲስ አበባ